ተማሪ የሚጥለው አሲዱ አይደለም

“ከሆሳዕና ነው የምጽፍልዎ። የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ባዮሎጂ አይከብደኝም፤ ሒሳብም እንደ ነገሩ ነው። ኬሚስትሪ ላይ ግን አሲድና ቤዝ የሚለው ምዕራፍ ስደርስ ጭንቅላቴ ይዘጋል። አዮናይዜሽን የሚለውን ቃል ሳየው እጄን ያልበኛል ብል ያምኑኛል? ፎርሙላውን ሁሉ በቃሌ ይዣለሁ። ጥያቄ ሲመጣ ግን የቱን እንደምጠቀም አላውቅም። ደቡብ አፍሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ ‘በዚህ ፈተና ስንት ሰው አልፎ ነው አንቺ የምትደክሚው? ተዪውና መንገዱን እኔ አመቻችልሻለሁ’ ይለኛል። ይህ ነገር በተነሳ ቁጥር እናቴ ታለቅሳለች። ምን ይመክሩኛል?”

መቼም ይህ ዓምድ የሚደርሰው ደብዳቤ ምን ዓይነት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። “ትቶኝ ሄደ”፣ “ቤተሰቦቼ አልፈቀዱልኝም”፣ “እወዳታለሁ ግን አልነገርኳትም”... የኬሚስትሪ ደብዳቤ ሲመጣ ዝግጅት ክፍላችን ውስጥ ሳቅ ሆነ። አንዱ ባልደረባዬ “ይሄ ያንተ ሥራ አይደለም፣ ለመምህር ስጠው” ብሎ ሊነጥቀኝ ነበር። እኔ ግን የመጨረሻዎቹን ሦስት መስመሮች ደግሜ አነበብኳቸውና አልሰጥም አልኩ። ልጅቷ የምትጠይቀኝ ስለ አሲድ ብቻ አይደለማ!

የማላውቀውን ደግሞ አልፈተፍትም። ስለዚህ በከምባታ በኩል ለብዙ ዓመታት ኬሚስትሪ ያስተማረ ወዳጄ ዘንድ ደወልኩ። ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራን ብላችሁ ታምናላችሁ? ከዚህ በታች የምታነቡት የኬሚስትሪ ነገር በአብዛኛው ከእሱ የቀዳሁት ነው። ስለ ወንድምና ስለ እናት የምለው የራሴ ነው።

እህቴ፣ በመጀመሪያ ከወንድምሽ ልጀምር። ሰውዬው ውሸት አልተናገረም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ፣ በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶው ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ። ከመቶ ተማሪ ሦስት ሲያልፍ ያየ ወንድም “አትድከሚ” ቢል አይፈረድበትም። ብቻ ቁጥሩን አንድ በአንድ እይው። ከ2015 ወዲህ እያደገ ነው የመጣው። ደግሞም 50 ያልሞላለት ሁሉ ሜዳ ላይ አልቀረም፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሪሜዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርት አለ። በዚያ በኩል ዩኒቨርሲቲ የገባ ብዙ ልጅ አለ። የቴክኒክና ሙያው በርም አልተዘጋም።

መንገዱን በተመለከተ ላስፈራራሽ አልፈልግም። አንቺ ያደግሽበት አገር ነውና ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ። ከሀዲያና ከከምባታ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ የወረደው ወጣት ስንት ነው? ሱቅ ከፍቶ ቤተሰቡን ያኖረ አለ፤ ሆሳዕናም ዱራሜም ላይ በዚያ ገንዘብ የቆሙ ፎቆች ይታያሉ። ያልደረሰም አለ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ ውስጥ፣ ቴቴ በተባለው ግዛት፣ ፖሊስ አንድ የጭነት መኪና አስቁሞ ኮንቴይነሩን ሲያስከፍት 64 ሰው ታፍኖ ሞቶ ተገኘ። ኢትዮጵያውያን ናቸው ተባለ። በሕይወት የተገኙት 14 ነበሩ። የእናትሽን ለቅሶ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሌላ ምክንያት መፈለግ አያሻም። እናም አንድ ምዕራፍ ከበደኝ ተብሎ በዚህ መንገድ ላይ መወሰን... አይሆንም እህቴ። በሌላ ምክንያት ብትወስኚ ሌላ ነገር ነው። በአዮናይዜሽን ምክንያት ግን አይሆንም።

እንግዲህ ወደዚያ ወደሚያስልብሽ ቃል እንግባ።

ወዳጄ መምህሩ እንዲህ አለኝ፦ “ተማሪ የሚጥለው አሲዱ አይደለም። ሁለት ጥንድ ቃላት ናቸው። ጠንካራና ደካማ አንድ ጥንድ ናቸው፤ ወፍራምና ቀጭን ሌላ ጥንድ። ልጆቹ ሁለቱን ጥንድ አንድ ያደርጉታል። ከዚያ በኋላ ምንም ፎርሙላ አያድናቸውም።”

ሻይ ቤት ገብተሽ “ቀጭን ሻይ” ስትዪ ምን ማለትሽ ነው? ቅጠሉ አነስ፣ ውሃው በዛ ይበል ነው። ወፍራም ሻይ ደግሞ ተቃራኒው። በእንግሊዝኛው ፈተና ላይ “ዳይሉት” የሚለው ቀጭኑን ነው፤ “ኮንሰንትሬትድ” የሚለው ወፍራሙን። ይህ የመጠን ነገር ነው። ስንት አሲድ ስንት ውሃ ውስጥ ገባ? አለቀ።

“ስትሮንግ” እና “ዊክ” ግን የመጠን ነገር አይደሉም። የጠባይ ናቸው። አሲዱ ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ ከመቶው ሞለኪውል ስንቱ ሃይድሮጅን አዮኑን ለውሃው ይሰጣል? አዮናይዜሽን ማለት ይኸው ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከሆነ መቶውም ይሰጣሉ ማለት ይቻላል። አቼቶ ውስጥ ያለው አሴቲክ አሲድ ከሆነ ግን፣ 0.1 ሞላር በሆነ ውሁድ ውስጥ የሚሰጠው ከመቶ አንድ እና ትንሽ ነው። 1.34 በመቶ ገደማ። የቀሩት ዘጠና ስምንት ምናምኖች እንደገቡ ሙሉ ሆነው ተቀምጠዋል። ምዕራፉ በሙሉ የሚሽከረከረው በዚያች “አንድ እና ትንሽ” ዙሪያ ነው።

አሁን እናትሽ ጓዳ ግቢ። እናንተ ቤት “ዋሳ” የምትሉት ቆጮ ጉድጓድ ውስጥ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ሲብላላ የሚያኮመጥጠው በዋናነት ላክቲክ አሲድ ነው። ሰንበት ያለ ቆጮ ውስጥ አሲዱ ብዙ ነው፤ ይሸታል፣ ምላስ ይይዛል። እናትሽ ግን በባዶ እጇ ታሸዋለች። ብዙ ነው፣ ግን ደካማ ነው። በሌላ በኩል ከጋራዥ የመጣ ባትሪ አሲድ ጠብታ ባልዲ ውሃ ውስጥ ገባ እንበል (ሞክሪው ማለቴ አይደለም!)። ጥቂት ነው፣ ግን ጠንካራ ነው። ወፍራም ደካማ አለ፣ ቀጭን ጠንካራም አለ። ይህን አራት ማዕዘን ደብተርሽ ላይ ሥሪና በየማዕዘኑ ከቤትሽ ከሰፈርሽ አንድ አንድ ምሳሌ አስገቢበት። ወዳጄ ይህን ሳያሠራ ወደ ሒሳቡ አይገባም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለች። ደካማ ማለት የማይጎዳ ማለት አይደለም። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ በመጽሐፉ ደካማ ነው፤ ሥጋና አጥንት ግን ይበላል። “ዊክ ስለሆነ አደገኛ አይደለም” የሚል ምርጫ ካየሽ እለፊው።

አሁን እንደ ፈተና ያለ ጥያቄ እናምጣ። “0.1 ሞላር የሆነ አሴቲክ አሲድ ፒኤቹ ስንት ነው? ኬኤው 1.8 × 10⁻⁵ ነው።” ምርጫዎቹ፦ 1፣ 2.87፣ 7፣ 11.13። አየሽ፣ አንቺ እዚህ ላይ እርሳስ አንስተሽ ፎርሙላ ፍለጋ ትሮጫለሽ። ወዳጄ ግን “አትንኪው፣ መጀመሪያ ምርጫዎቹን ጠይቂያቸው” ይላል። 1 ማን ነው? መቶው በመቶ ቢሰጥ ኖሮ የሚመጣው ቁጥር፣ ማለትም የጠንካራ አሲድ መልስ። የእኛ ደካማ ነው፤ ውጣ! 7 ማን ነው? ንጹሕ ውሃ። ውጣ! 11.13 የቤዝ ሰፈር ነው። ውጣ! ማን ቀረ? ምርጫዎቹ ዝም ብለው አልተደረደሩም፤ እያንዳንዳቸው አንድ የተሳሳተ ተማሪ ናቸው። ያንን ተማሪ ከለየሽው መልሱን ግማሽ መንገድ ሄደሻል።

ሁልጊዜ እንዲህ አይቀልም፤ ስለዚህ ስሌቱንም ያለ ካልኩሌተር መሥራት ልመጂ። ኬኤውን በመጠኑ አባዢው፤ 1.8 × 10⁻⁶ ይመጣል። ስኩዌር ሩቱን ውሰጂ፤ 1.34 × 10⁻³ ገደማ ነው። 10⁻³ ብቻውን ቢሆን ፒኤቹ 3 ነበር፤ የእኛ ከዚያ ትንሽ ስለበለጠ ፒኤቹ ከ3 ትንሽ ያንሳል። 2.87። ሎጋሪዝሙን በቃልሽ ባታውቂውም “ከ3 በታች፣ ከ2.7 በላይ” ማለት ከቻልሽ በአብዛኛው በቂ ነው።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ አምበሪቾ ትዝ ያለኝ። ዱራሜ አጠገብ ያለው ተራራ 777 ደረጃ ተሠርቶለታል፤ አንዷን ደረጃ ብትወጪ አንድ ደረጃ ነው የወጣሽው። የፒኤች ደረጃ ግን እንደዚያ አይደለም። ከ3 ወደ 2 ስትወርጂ አሲዱ አስር እጥፍ ይሆናል። ከ3 ወደ 1 ከወረድሽ መቶ እጥፍ! “ፒኤቹ በእጥፍ ቀነሰ፣ አሲዱም በእጥፍ ጨመረ” የሚል ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም።

አሁን ብዙውን ሰው የሚያስወድቀው ጥያቄ ይመጣል። ያንኑ አሴቲክ አሲድ ውሃ ጨምረሽ አስር ጊዜ አቀጠንሽው፤ 0.01 ሞላር ሆነ። አዮን የሆነው ድርሻ በመቶኛ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል? ፒኤቹስ? አብዛኛው ተማሪ “ቀጠነ፣ ስለዚህ ሁሉም ቀነሰ” ይላል። አይደለም። ድርሻው ከ1.34 በመቶ ወደ 4.2 በመቶ ገደማ ያድጋል። አሲድነቱ ግን ይቀንሳል፤ ፒኤቹ ከ2.87 ወደ 3.37 ይወጣል። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሆናሉ?

ወዳጄ በሠርግ ነው የሚያስረዳው። አዳራሹ በሰው ተጨናንቋል እንበል። ጥንድ ጥንድ ሆነው የመጡ ጓደኛሞች አሉ። አንዱ ጥንድ ተለያይቶ ሊጨፍር ይነሳል፤ ግን ጭንቅንቅ ስለሆነ ወዲያው መልሰው ይገናኙና ተያይዘው ይቀመጣሉ። በማንኛውም ሰዓት ብታዪ ተነጣጥሎ የሚገኘው ጥቂት ነው። አሁን ያንኑ እንግዳ አስር እጥፍ የሚሰፋ አዳራሽ አስገቢው። የተለያዩት በቀላሉ አይገናኙም፤ ስለዚህ ከእንግዳው ተለያይቶ የሚጨፍረው ድርሻ ይጨምራል። ነገር ግን አንድ ጥግ ላይ ቆመሽ ብትቆጥሪ ከፊትሽ የምታገኚው ጨፋሪ ከበፊቱ ያነሰ ነው፤ አዳራሹ ሰፍቷላ! ድርሻው ጨመረ፣ በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው ቁጥር ቀነሰ። ይኸው ነው። ይህችን ካወቅሽ ከክፍልሽ ስንቱን እንደቀደምሽ አትጠይቂኝ።

ኬኤውስ? ኬኤው አልተነቃነቀም። አቀጠንሽው፣ አወፈርሽው፣ ሌላ ነገር ጨመርሽበት፣ ኬኤ ያው ነው፤ የሚለውጠው ሙቀት ብቻ ነው። ሶዲየም አሴቴት ብትጨምሪበት አዮን የሚሆነው ድርሻ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም አዳራሹ ውስጥ የአንደኛው ወገን ጓደኛ በዝቷል፤ “ኮመን አዮን ኢፌክት” የሚሉት ይህንን ነው። ኬኤ ግን ያው ነው።

ደግሞ አንድ ነገር አትርሺ። ያ በስኩዌር ሩት የምንገላገልበት አቋራጭ የሚሠራው አዮን የሆነው ከ5 በመቶ ሳይበልጥ ነው። 0.001 ሞላር ብታደርጊው አቋራጩ 13.4 በመቶ ይልሻል። ያን ጊዜ አቋራጩን ተይና ኳድራቲኩን ሥሪ።

ቤዝ ላይ ወጥመዱ አንድ ነው። አሞኒያ ኬቢው እንደ አጋጣሚ 1.8 × 10⁻⁵ ነው፤ ከአሴቲክ አሲድ ኬኤ ጋር አንድ ዓይነት። 0.1 ሞላር አሞኒያ ሲመጣ ልጆቹ ያንኑ ሠርተው 2.87ን ያከብባሉ። አሞኒያ የሰጠሽ ሃይድሮክሳይድ ነው እንጂ ሃይድሮጅን አይደለም። 2.87 ፒኦኤች ነው፤ ከ14 ቀንሺው፣ 11.13። ሥራውን ጨርሶ በሩ ላይ መውደቅ ይሉሻል ይህ ነው።

ሌላዋ ተንኮለኛ ጥያቄ ይህች ናት፦ “10⁻⁸ ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ፒኤቹ ስንት ነው?” 8 ትላለሽ። አሲድ ውሃ ውስጥ ጨምረሽ ቤዝ ሆነልሽ? ውሃው ራሱ አዮን አለው እኮ! በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ንጹሕ ውሃ በሊትር 10⁻⁷ ሞል ሃይድሮጅን አዮን ይዟል፤ ሲመነዘር ከ555 ሚሊዮን ገደማ የውሃ ሞለኪውል አንዷ ተከፍላለች ማለት ነው። አንቺ የጨመርሽው ከዚያ ያነሰ ነው። መልሱ ከ7 እጅግ በትንሹ ዝቅ ያለ፣ 6.98 ነው።

አሁን ደግሞ ከጓዳ ወጥተሽ ማሳ ላይ ቁሚ። የሀዲያና የከምባታ ደጋ ቀይ አፈር ብዙ ቦታ ላይ አሲዳማ ሆኗል። ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን እያጠበ ይወስደዋል፤ የቀረው አሉሚኒየም ሥሩን ያቀጭጨዋል። የግብርና ባለሙያዎች ኖራ በትኑ የሚሉት ለዚህ ነው። ይህን ከነገርኩሽ በኋላ እስቲ መልሺልኝ፦ አሉሚኒየም ክሎራይድ የተባለው ጨው ውሃ ውስጥ ሲገባ አሲድ ነው፣ ቤዝ ነው ወይስ ገለልተኛ? “ጨው ስለሆነ ገለልተኛ” ያልሽ እንደሆነ ማሳውን ረሳሽው! አሉሚኒየም አዮኑ ውሃውን ይዞ ሃይድሮጅን ያስለቅቀዋል፤ አሲድ ነው። ኖራውስ? ካርቦኔቱ ሃይድሮጅን አዮኑን የሚቀበል ቤዝ ነው። ብሮንስቴድና ላውሪ እ.ኤ.አ. በ1923 ለየብቻቸው ያሉት ይህንኑ ነው፤ የሚሰጥ አሲድ፣ የሚቀበል ቤዝ። አያትሽ ማሳ ላይ የሚበተነው የእነሱ ትምህርት ነው ብልሽ አልዋሸሁም።

ከዚሁ ሳንርቅ፣ “የደካማ አሲድ ኮንጁጌት ቤዝ ጠንካራ ነው” የሚል አባባል በየወርክሺቱ ይዞራል። ከጠንካራው አሲድ ኮንጁጌት ጋር ሲነጻጸር ይበረታል ለማለት ከሆነ እሺ። ግን ኬኤን በኬቢ ስታባዢ 10⁻¹⁴ መምጣት አለበት፤ የአሴቴት ኬቢ 5.6 × 10⁻¹⁰ ገደማ ነው። ይህ ነው ጠንካራ? ደካማ ቤዝ ነው። በቃ።

የአጠናን ነገር ላይ ወዳጄ የተናደደበትን ልንገርሽ። “ልጆቹ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ይሰሙታል፣ በእንግሊዝኛ ይሸመድዱታል፣ አንድም ቀን በራሳቸው ቋንቋ አያወሩትም” ይላል። የእሱ ምክር ይህ ነው፦ ሦስት ሆናችሁ ተቀመጡ፤ አንዷ የሠርጉን ምሳሌ በሀዲይሳ ወይም በከምባትሳ ትንገር፣ ሁለተኛዋ በአማርኛ፣ ሦስተኛዋ በእንግሊዝኛ። በሦስቱም ያለቀ ነገር አይጠፋም። ከዚያ የፈተናውን ጥቂት ቁልፍ ቃላት ለብቻ ያዙ፤ “ፓርሻሊ”፣ “ኮምፕሊትሊ”፣ “ኔግሊጂብል”፣ “ኢኒሻል”። አንዷን ቃል አለማወቅ ኬሚስትሪ አውቆ መውደቅ ነው።

እኔ የምጨምረው አንድ ደብተር ነው። የተሳሳትሻቸውን ጥያቄዎች ብቻ የምትጽፊበት። መልሱን አይደለም የምትጽፊው፤ የወደቅሽበትን ወጥመድ ስም ነው። “ፒኦኤችን ፒኤች አልኩት”፣ “ቀጭንን ደካማ አልኩት”። ሃያ ጥያቄ ስትሠሪ ስሞቹ ሃያ አይሆኑም። አራት ወይም አምስት ናቸው። እነሱን አራት አምስት ነው የምታጠኚው እንጂ ምዕራፉን በሙሉ አይደለም።

መሠረቱ ከተናጋብሽ ደግሞ ራስሽን አትውቀሺ። በ2016 ዓ.ም. በሀዲያ ዞን የመምህራን ደሞዝ በመዘግየቱ ትምህርት የተቋረጠባቸው ትምህርት ቤቶች እንደነበሩ አገር ያውቀዋል። የአሲድና ቤዝ ፊደሉ የሚቆጠረው ከ12ኛ ቀደም ባሉት ክፍሎች ነውና ያ ያመለጠሽ ከሆነ ወደኋላ ተመልሰሽ አንድ ሳምንት መስጠት አያሳፍርም። ደግሞ “ጥያቄው ወጥቷል፣ ይህን ያህል ብር ላኩ” የሚሉ የቴሌግራም ነጋዴዎች ቢመጡብሽ አትስሚ። እርግጥ በ2008 ዓ.ም. ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። ምን ሆነ? ተሰረዘና ሁሉም እንደገና ተፈተነ። ብሩንም ጥናቱንም ያጣው ገዢው ነው።

ይህን አዮናይዜሽን የሚባል ሐሳብ ያመጣው ሰው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ስቫንቴ አሬኒየስ የሚባል ስዊድናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፉን ሲያቀርብ፣ ጨው ውሃ ውስጥ ሲሟሟ አዮን ይሆናል የሚለው ነገር ለመምህራኑ አልተዋጠላቸውም። ማለፊያው ጥግ ላይ ያለ ዝቅተኛ ውጤት ሰጡት። ሰውዬው ጽሑፉን ለውጭ ሊቃውንት ላከ። ኦስትቫልድ የተባለው ኬሚስት አነበበውና እስከ ኡፕሳላ ድረስ መጣ። አንቺ አሁን የምታሰይው የመቶኛ ነገር እንኳ እ.ኤ.አ. በ1888 ያወጣው የኦስትቫልድ ሕግ ነው። አሬኒየስ እ.ኤ.አ. በ1903 በዚሁ ሐሳቡ የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ። አንቺን የሚያስልብሽ ምዕራፍ ባለቤቱንም አልቦት ነበር ማለት ነው።

ወደ ቤትሽ ልመለስ። እናትሽን አንድ ነገር ለምኚልኝ። እንሰት መፋቁ፣ ውሃው፣ እንጀራው የሴት ልጅ ሥራ ተብሎ በአንቺ ላይ እንደሚወድቅ አውቃለሁ፤ በደብዳቤሽ ባትጽፊውም። ማታ ማታ ሁለት ሰዓት እስከ ፈተናው ድረስ ይልቀቁልሽ። ለቅሶዋ ከልብ ከሆነ፣ ከልብም ነው፣ ይህችን አትከለክልሽም። ታናናሽ ወንድሞች ካሉሽ እነሱም እጅ አላቸው።

ለወንድምሽ ደግሞ አትጣዪው። ገንዘብ እየላከ ቤት የሚያኖር ሰው ነውና በአክብሮት ነው የሚነገረው። “ወንድም ጋሼ፣ ውጤቱ እስኪመጣ ጠብቀኝ። ለመንገዱ ካሰብከው ላይ ለመጽሐፍና ለማጠናከሪያ ክፍል የሚሆን ትንሽ ላክልኝ” በዪው። ለደላላ ከሚከፈለው ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት አይደለም። እምቢ ካለ ጻፊልኝ፤ ከፈቀድሽ ለእሱ በዚሁ ዓምድ ደብዳቤ እጽፍለታለሁ። ስም አልጠራም፤ የዚህን ገጽ ደንብ ታውቂዋለሽ።

ከሺንሽቾ “ልጅቷ ከእኔ ጋር ታጠናለች፣ ግን የምታጠናው እኔን ይሁን ፊዚክስ አልገባኝም” ብለህ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ያንተ ለሳምንት ይቆየኝ። እስከዚያው ፊዚክሱን ቀጥል። ቸር ሰንብቱ።